ስሟ የጠፋ መኪና፦ የድሮ የአሜሪካ መኪኖችን ከፎቶ መለየት

አሮጌ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይቺ ፎርድ ናት አይደል?" ብሎ ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ሞዴል ቲ የምትባለው ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ጣጣው የሚመጣው ፎርድ ሳትሆን ስትቀር ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከሺህ በላይ የመኪና ስሞች ነበሩ። ጋሪ ሠሪው፣ ብስክሌት ሠሪው፣ የእርሻ መሣሪያ ነጋዴው ሁሉ ዕድሉን ሞክሯል። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ዘጋ። አንዳንዱ ጥቂት መኪና አውጥቶ ደብዛው ጠፋ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራ መካኒክ ነኝ። የድሮ መኪና ፍቅር የያዘኝ ሄርሺ በምትባለው የፔንስልቬንያ የቸኮሌት ከተማ ነው። እዚያ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ትልቅ የአሮጌ መኪናና የመለዋወጫ ገበያ ይቆማል። የመቶ ዓመት ራዲያተር፣ ፋኖስ፣ መሪ፣ ካምቢዮ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። ሰው እየነካ፣ እያገላበጠ፣ ሻጩን እየጠየቀ ይማራል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም ደንበኛም የቤተሰብ ፎቶ ይልክልኛል። አዛውንት የምትንከባከቡ ወገኖቼም አልበም ሲገለጥ አብራችሁ ማየታችሁ አይቀርም። አያታቸው አጠገቧ የቆሙላትን መኪና ስም ብትነግሯቸው ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው እኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያ ምክሬ ስሙን አትፈልጉ የሚል ነው። ቀድማችሁ ዘመኑን አግኙ። ዘመኑ ከታወቀ ከዚያ ሁሉ ስም አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይወድቃል።

ዘመን ፍለጋ የሚጀምረው ከፎቶው ጀርባ ነው። ያኔ ብዙ ፎቶ የሚታተመው በፖስት ካርድ ወረቀት ላይ ነበር። ጀርባው መሃል ላይ በመስመር ለሁለት ከተከፈለ፣ ማለትም ለመልእክትና ለአድራሻ ቦታ ካለው፣ ከማርች 1907 በኋላ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት በዚያኛው ገጽ ላይ ከአድራሻ በቀር መጻፍ አይፈቀድም ነበር። ቴምብር የሚለጠፍበት ሳጥን ላይ "ኤዞ" የሚል የወረቀት ስም ካለ ደግሞ ጥግ ጥጉ ላይ ያሉትን ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች እዩ። አራቱም ወደ ላይ ካመለከቱ ወረቀቱ ከ1904 እስከ 1918 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ መኪናዋ ዙሩ። ወደ ኋላ ወንበር የሚገባው ከበስተኋላ ባለች ትንሽ በር ከሆነ መኪናዋ በአብዛኛው ከ1905 በፊት የተሠራች ናት። የኋላው በር ጎን ላይ ሆኖ የፊት ወንበሩ ግን በር ከሌለው ከ1905 እስከ 1911 ገደማ ባለው ውስጥ ፈልጉ። አራቱም በር ካላት ከዚያ በኋላ ናት። የፊት መብራቶቿ ትልልቅ የነሐስ ሆነው የጎማ ቱቦ ከገባባቸው የሚሠሩት በካርባይድ ጋዝ ነው። ጋዙ የሚመጣው ጎን መረገጫው ላይ ከተቀመጠ ሲሊንደር ወይም ካርባይድና ውሃ ከሚገናኙበት ዕቃ ነው። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተርና የኤሌክትሪክ መብራት ካመጣ በኋላ ሌሎቹም እየተከተሉ ጋዙን ተዉት። ፎርድ ግን ዘግይቷል። ሞዴል ቲ የኤሌክትሪክ የፊት መብራት ያገኘችው በ1915 ሞዴል ነው።

መሪው በየት በኩል እንዳለ እዩ። እስከ 1912 ገደማ ብዙዎቹ የአሜሪካ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር። ሞዴል ቲ ከመጀመሪያው በግራ አድርጋ መጣች፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ዞሩ። የቡፋሎው ፒርስ-አሮው ብቻ እስከ 1920 በቀኙ ጸና። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፎቶው ከኔጋቲቭ ሲታተም ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ጽሑፍ ካለ ወዲያው ያስታውቃል። ጽሑፍ ከሌለ የወንዶቹን ኮት እዩ። የወንድ ኮት ሲቆለፍ የግራው ቀኙ ላይ ይደረባል። የሁሉም ኮት ተቃራኒ ከሆነ ፎቶው ነው የተገለበጠው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አሮጌ መኪና ላይ አዲስ መብራት መግጠም ያኔም የተለመደ ነበር። ስለዚህ እኔ የማምነው ለመቀየር የሚያስቸግረውን ነው። ሻንሲውን (መኪናዋ የተሠራችበትን የብረት አጽም)፣ ባሌስትራውን (ንጣፍ ብረቱን ሞላ)፣ የኮፈኑን ቅርጽ፣ የበሩን አቆራረጥ። መብራት፣ የፊት መስታወትና ጎማ በአንድ ቅዳሜ ይቀየራሉ።

ታርጋ ካለ ትልቅ እርዳታ ነው። ኒውዮርክ በ1901 መኪና ማስመዝገብ ስትጀምር ባለቤቱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ራሱ ሠርቶ እንዲለጥፍ ነበር የታዘዘው። ማሳቹሴትስ በ1903 ከመንግሥት የሚሰጥ ታርጋ አመጣች፤ ሰማያዊ፣ ነጭ ቁጥር ያለበት፣ እንደ ሸክላ ሳህን የሚያብረቀርቅ። ኒውዮርክ ራሷ ታርጋ ማደል የጀመረችው በ1910 ነው። ቆዳ ላይ ወይም እንጨት ላይ የተሠራ የኒውዮርክ ታርጋ ካያችሁ እንግዲህ ከዚያ በፊት ነው።

መኪናዋ ራሷ ወይም ቁራጯ በእጃችሁ ካለች ደግሞ ከወለሉና ከወንበሩ አካባቢ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ፈልጉ። "በሰልደን ፓተንት ፈቃድ የተሠራ" የሚል ጽሑፍና የኖቬምበር 5 ቀን 1895 ቀን ሊኖራት ይችላል። ሰዎች ይህንን ሲያነቡ መኪናዋ የ1895 ናት ብለው ይፈነድቃሉ። አይደለችም። ጆርጅ ሰልደን የሚባል የሮቸስተር ጠበቃ የመኪናን ሐሳብ በፓተንት ያስመዘገበበት ቀን ነው። በ1903 ፈቃድ የገዙ አምራቾች ማኅበር አቋቋሙና መኪኖቻቸው ላይ ይህን ሰሌዳ መለጠፍ ጀመሩ። ሄንሪ ፎርድ አልከፍልም ብሎ ተከራከረ፤ በጃንዋሪ 1911 በይግባኝ አሸነፈ። ሰሌዳው እንግዲህ የሚነግራችሁ መኪናዋ ከ1903 እስከ 1911 ባለው ጊዜ የተሠራች መሆኗን፣ ፎርድ አለመሆኗንም ጭምር ነው። ለአንዲት ጣት ለምታክል ነሐስ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ፊቷ እንምጣ። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ራዲያተሩን ነው፤ ትክክልም ነው። ፓካርድን ከላይ ትከሻው ጎበጥ ባለው ራዲያተርና በጎማው መሃል ባለው ባለ ስድስት ጎን ምልክት ትለዩታላችሁ። ፒርስ-አሮው ከ1914 ሞዴል ጀምሮ የፊት መብራቱን ፓራፋንጎው ላይ ስለተከለ ከሩቅ ያስታውቃል። ሻንሲዋ ከአክስሎቹ በታች የተንጠለጠለ፣ ጎማዋ ትልቅ፣ ወገቧ መሬት የሚነካ የምትመስል መኪና ካያችሁ የኢንዲያናፖሊሷ አሜሪካን አንደርስላንግ ልትሆን ትችላለች። ግን የዲትሮይቱ ሪጋልም በዚያው አሠራር አነስ ያለች መኪና ሠርቷል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ትልቁን ስም አትስጧት።

አንዱን ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ላሳያችሁ። የሰፈራችን አንዲት አዛውንት የአያታቸውን ፎቶ አመጡልኝ። አያትየው የሀብታም ሾፌር ነበሩ። ኮት ለብሰው መኪናዋ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ራዲያተር የለም። ኮፈኗ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ይወርዳል። ቤተሰቡ "ፍራንክሊን ናት" ሲል ነው የኖረው፤ አያትየው ሰራኪዩስ ሠርተው ነበርና። ፍራንክሊን ደግሞ የሰራኪዩስ መኪና ናት።

ግምቱ መጥፎ አልነበረም። ፍራንክሊን ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ከ1911 ሞዴል ጀምሮም እንዲህ ያለ ተንሸራታች ኮፈን ነበራት። ግን ፎቶውን ስካን አድርጌ ሳሰፋው ኮፈኑ አልቆ የሾፌሩ ክፍል ከሚጀምርበት ቦታ በግራም በቀኝም ወጣ ያለ ነገር ታየኝ። ጥላ አይደለም። ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች አሉት። ራዲያተር ነው! ከሞተሩ ኋላ የተቀመጠ ራዲያተር። ይህ የፈረንሳዩ ሬኖ አሠራር ነው። ራዲያተር ካላት ፍራንክሊን ልትሆን አትችልም። ባሌስትራዋም አልሆነም። ፍራንክሊን ላይኛውም ታችኛውም ቅስት ሆኖ ዳርና ዳር የሚገናኝ ሙሉ ባሌስትራ ነው የምትጠቀመው። የዚች የፊት ባሌስትራ ግን የታችኛው ቅስት ብቻ ነው።

ታዲያ ማን ናት? ፈረንሳዊቷ ሬኖ ራሷ ኒውዮርክ ትሸጥ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ክሮክስተን-ኪተን የሚባል ፋብሪካ በ1909 እና 1910 ማሲሎን ኦሃዮ ላይ ይህን ቅርጽ ሠርቷል። ክሮክስተንና ኪተን የሚባሉት ሁለቱ ሰዎች ከተለያዩ በኋላ ክሮክስተን ለብቻው ቀጠለ። ኪተንም ዲትሮይት ሄዶ ከ1912 እስከ 1914 በራሱ ስም ሠራ። በፎቶው ላይ የፊት በር አለ፤ ስለዚህ የ1909 እና 1910ሩ ክሮክስተን-ኪተን ይወድቃል። መሪው በግራ ነው፤ ኮቱም በትክክል ተቆልፏል፤ የሬኖ መሪ ደግሞ በቀኝ ስለነበር ሬኖም ራቀች። የቀሩት ኪተንና የኋለኛው ክሮክስተን ናቸው። ከዘመኑ ማስታወቂያዎች ጋር ሳስተያየው ወደ ኪተን አዘነበልኩ። የራዲያተሩ ምልክት ግን በሰውየው እጅ ተሸፍኗል። ስለዚህ ለአዛውንቷ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ የጻፍኩላቸው "ኪተን ሳትሆን አትቀርም፣ ካልሆነም ክሮክስተን፣ ከ1912 እስከ 1914" ብዬ ነው። "ልጄ፣ አንዱን ብቻ በለኝ" አሉኝ። አልኳቸው፦ "እማማ፣ ሌላ ፎቶ ቢገኝ ያኔ እንቆርጠዋለን።" ሁለት ስም ጽፎ መተው ያሳፍራል ብላችሁ እንዳታስቡ። አንድ ጊዜ በእርግጠኝነት የተጻፈ የተሳሳተ ስም ከአልበም ወደ አልበም እየተገለበጠ ይኖራል።

ኮፈን ጨርሶ የሌላቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ማኒቬላ (ሞተሩ በእጅ ተዙሮ የሚነሳበት ብረት) የሚገባበት ቀዳዳ ፊቷ ላይ ከሌለ እንፋሎት ወይም ኤሌክትሪክ ልትሆን ትችላለች። (ፊቷ ጎበጥ ብሎ የታጠፈው የ1901ዱ ኦልድስሞቢል ቤንዚን ነው፤ የሚነሳው ግን ከጎን ነው።) እንደ ቁም ሳጥን ቁመቷ የረዘመ፣ ዙሪያዋን መስታወት የሆነች፣ በመሪ ፈንታ በዘንግ የምትዞር ከሆነች ኤሌክትሪክ ናት። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ከ1907 እስከ 1939 ድረስ ሠርታለች። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ እንኳ የምትነዳው እሷን ነበር። ጎማዋ የጋሪ ጎማ ያህል ረጅምና ቀጭን ከሆነ ለገጠር መንገድ የተሠራች ናት። ሲርስ ከሚባለው የንግድ ድርጅት ካታሎግ በትእዛዝ የምትመጣው ከ1908 እስከ 1912 ነበረች፤ የምትዞረው በዘንግ ነው። የኢንተርናሽናል ሃርቬስተሯ ክብ መሪ አላት፤ መሪውም በቀኝ ነው። የቺካጎዋ ሆልስማን ጎማዋን የምታዞረው በገመድ ነበር። በእውነት በገመድ! ብረሽ የምትባለዋ የዲትሮይት ትንሽ መኪና ደግሞ አክስሏ እንጨት ነው፤ በባሌስትራ ፈንታ በአራቱም ጥግ ሞላ አላት። ከ1907 ወዲህ እንጨት አክስልና ሞላ አብረው ከታዩ ሌላ ስም መፈለግ አያስፈልግም።

በጎን የተነሳ ፎቶ ካላችሁ ማስመሪያ አውጡ። የጎማውን ቁመት ለኩ። ከዚያ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ለኩና በጎማው አካፍሉት። የሞዴል ቲ ጎማ 30 ኢንች ነው፤ በጎማዎቹ መሃል ያለው ርቀት 100 ኢንች። ስለዚህ ሦስት ጎማና ሲሶ ይሆናል። አራት ጎማ ከወጣ ሞዴል ቲ አይደለችም፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ካሜራው ሰያፍ ከቆመ ግን ይህ ዘዴ ያሳስታችኋል።

መካኒክ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ስም የመኪናዋ ስም አድርጋችሁ አትያዙ። ብዙ ትንንሽ ፋብሪካዎች ሞተር አይሠሩም ነበር። ሞተሩን ከኮንቲኔንታል፣ ከላይካሚንግ፣ ከቡዳ ወይም ከሩተንበር፣ አክስሉን ከቲምከን፣ ካምቢዮውን ከዋርነር ወይም ከብራውን-ላይፕ ገዝተው ይገጣጥሙ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሞተር በብዙ መኪኖች ላይ ይገኛል። የሞተሩ ስም እጩዎቹን ያጠብባል፤ መልሱን ግን አይሰጥም። የራዲያተር ምልክትና የጎማ መሃል ክዳን ላይ ያለ ስም ይሻላል፤ እነሱን ፋብሪካው ለራሱ ነው የሚያሠራው።

ሞተሩ ብቻ ተገኝቶ ከሆነ የሲሊንደሩን ስፋት በኢንች ለኩ። በራሱ አባዙት፣ በሲሊንደሮቹ ብዛት አባዙት፣ ለ2.5 አካፍሉት። ያኔ የፈረስ ጉልበት የሚሰላው በዚህ ቀመር ነበር። ሞዴል ቲ 3.75 ኢንች፣ አራት ሲሊንደር፤ ውጤቱ 22.5 ነው። በድሮ ምዝገባ መዝገቦች ላይ 22.5 የሚል ስታዩ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ሌላም ቁጥር ሲመጣ ያንኑ ቁጥር በየዓመቱ ከሚወጡት የመኪና ዝርዝሮች ጋር ታስተያያላችሁ።

እነዚያ ዝርዝሮች የት አሉ? የሰልደን ፈቃድ የነበራቸው አምራቾች ማኅበር ከ1904 ጀምሮ በየዓመቱ የመኪኖችን ሥዕል፣ ዋጋና ዝርዝር የያዘ ጥራዝ ያወጣ ነበር። የዘመኑ የመኪና መጽሔቶችም ዛሬ ስካን ተደርገው በነጻ ይነበባሉ። የዲትሮይት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የፊላደልፊያው ነጻ ቤተ መጻሕፍት ትልልቅ የመኪና ታሪክ ስብስብ አላቸው። እኔ የምመክረው ከስም ሳይሆን ከዓመት እንድትጀምሩ ነው። ዘመኑን ሦስት ዓመት ውስጥ ካጠበባችሁ የእነዚያን ዓመታት ማስታወቂያዎች ገጽ በገጽ ማየት ይቻላል። አድካሚ ነው፤ ግን አንዷ ገጽ ላይ ያቺው መኪና ስትወጣ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አታውቁትም።

እርዳታ ስትጠይቁ ፎቶውን በስልክ አንስታችሁ አትላኩ፤ ስካን አድርጉት፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)። ዳርዳሩን አትቁረጡ። ሰዎቹን ብቻ አስቀርቶ ጎማውን የሚቆርጥ ስንቱ ነው! ጀርባውንም ላኩ። የት እንደተነሳና ሰውየው ምን ይሠሩ እንደነበር ጨምሩበት።

በመጨረሻ እኔ ራሴ የምፈልጋት መኪና አለች። ፓተርሰን-ግሪንፊልድ ትባላለች። ቻርልስ ሪቻርድ ፓተርሰን በባርነት የተወለዱ ሰው ናቸው። ግሪንፊልድ ኦሃዮ ላይ የጋሪ ፋብሪካ አቆሙ። ልጃቸው ፍሬደሪክ በ1915 መኪና መሥራት ጀመረ። በጥቁር አሜሪካዊ ባለቤትነት የተሠራ የመኪና ፋብሪካ ይህ ነው። ሞተሩ ከኮንቲኔንታል የተገዛ ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። ጥቂት ዓመት ሠርተው ወደ አውቶቡስ አካል ሥራ ዞሩ፤ ድርጅቱ በ1939 ተዘጋ። ከመኪኖቹ አንዷ እንኳ ዛሬ መኖሯ አይታወቅም። ስለዚህ ፎቶ ትልቅ ዋጋ አለው።

ከደቡብ ኦሃዮ የመጣ ቤተሰብ አልበም ካጋጠማችሁ ከ1915 እስከ 1920 ባሉት ገጾች ላይ ቆም በሉ። ምልክቱ ላይ ስሙ በአንድ "ቲ" ፊደል ከተጻፈ ግን ተጠንቀቁ። እሱ ፍሊንት ሚሺጋን ላይ እስከ 1923 ይሠራ የነበረው ሌላኛው ፓተርሰን ነው፤ ከግሪንፊልዱ ጋር ዝምድና የለውም። ሁለት "ቲ" ካያችሁ ፎቶውን ከአልበሙ ሳታወጡ የፊቱንም የጀርባውንም ስካን አድርጉ፣ የቤተሰቡንም ፈቃድ ጠይቁና ኦሃዮ ውስጥ ለሚቀርባችሁ የታሪክ ማኅበር አሳዩት።